ዳይሱ በአንድ እጅ ነው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ብርጭቆ አጥቤ ጨረስኩ። እጄ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር፣ ግን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዳይስ ሲወረወር ማየት እወዳለሁ። በቃ፣ ጻፍኩት።

የሚወረወረው ሻይ በምሸጥበት በቀበሌያችን ክበብ ነው። የጠረጴዛ ቴኒሱ መረብ ከጠፋ ወዲህ በጠረጴዛው ዙሪያ ጣውላ መቱበት፣ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወጠሩበት። ይህን ያሰቡት ጋሽ ተክሌ ናቸው፣ የክበቡ ቁልፍ ያዥ። የሰሜን ሰው። በጃንሆይ ጊዜ አስመራ አንድ ካዚኖ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ሠርተዋል። የቀበሌው ሊ/መንበር ይህን አያውቅም። ሁለቱን ቀይ ዳይሶች ከዚያ ያመጧቸው በትምባሆ ቆርቆሮ ነው። ገንዘብ የለም። ገንዘብ ከታየ ቁማር ነው ተብሎ ክበቡ ይታሸጋል። በቆርኪ ነው የሚጫወቱት።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለቱን ዳይስ አንድ ላይ ትወረውሪያለሽ። ድምሩ ሰባት ወይም አሥራ አንድ ከሆነ አሸነፍሽ። ሁለት፣ ሦስት ወይም አሥራ ሁለት ከሆነ ተበላሽ። ሌላ ቁጥር ከወጣ እሱ ምልክትሽ ይሆንና እስኪደገም ትወረውሪያለሽ። ከምልክትሽ ሰባት ከቀደመ ግን አለቀልሽ። ዳይሱ በግራሽ ላለው ሰው ያልፋል።

እኔ ግን የምወደው ቁጥሩን አይደለም። ሥርዓቱን ነው። ዳይስ የሚነካው አንድ እጅ ብቻ ነው። ሁለተኛው እጅ ከተጨመረ ሌላ ዳይስ ሊቀየር ይችላላ። ሲወረወር ሁለቱም የወዲያኛውን ጣውላ መትተው መመለስ አለባቸው። ዳይስ በአየር ላይ እያለ ማንም እጁን ወደ ጠረጴዛው አይዘረጋም፣ ቆርኪም አይጨምርም። መሬት ከወደቀ ጋ/ተክሌ አንስተው ያገላብጡታል፣ ከዚያ እንደገና ይወረወራል። የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። ሰው ሲሸነፍ አይሳቅበትም። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ሁለት ወር ሙሉ ከምድጃው ጀርባ ሆኜ ያየሁት ነው።

ለአባባ አልነገርኩትም። ለእሱ ዳይስ ማለት ወታደሮቹ በመስቀሉ ሥር የተጣጣሉት ዕጣ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ጋ/ተክሌ ጠሩኝ። ስኳር አለቀ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ባለፈው ሳምንት አምስቱን ስድስት ብለው ጠሩ፤ ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተናነቁ። ሊ/መንበሩም አንድ ጠብ ከተደገመ ጠረጴዛው ወደ አናጢ ቤት ይሄዳል ብሏል። በሚመጣው ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ የሴቻ ቀበሌ ልጆች ለውድድር ይመጣሉ። ስለዚህ ዱላውን ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ዱላው ቀጭን ቀርከሃ ነው። ዳይሱ በእሱ እየተሳበ ለሚወረውረው ሰው ይገፋለታል። የያዘው ሰው ቁጥሩን ይጠራል፤ ሥርዓት የጣሰውን ‘አይቆጠርም’ ይላል። እሱ ያለው ይጸናል።

እኔን ነው ያሉት። ሳይጨርሱ እምቢ አልኩ።

ለምን እኔን ብዬ ስጠይቅ፣ ‘ሌላው ሁሉ ዳይሱን ያያል፤ አንቺ እጅ ታያለሽ ልጄ’ አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ትምህርቱ ከብዶኝ አይደለም። ሰሌዳው ፊት ቁሚ ተባልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። አፌ አልከፈት አለ። ልጆቹ ሳቁ። በማግስቱ ወደ ት/ቤት አልተመለስኩም። ሦስት ዓመት ሆነው።

አንቺ ካልሆንሽ ሻንካን አቆማለሁ አሉ። ሻንካ አባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ነው። ድምፁ ከወዲያኛው ዳር ይሰማል። እጅ ግን አያይም።

እስከ ነገ አስቢበት ብለውኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት

ውኃ ልቀዳ ቁልፎ ወንዝ ወረድኩ። ሰው አልነበረም። ለወንዙ ቁጥር ጠራሁለት። መጀመሪያ በጋሞኛ፣ የቤታችን ቋንቋ ስለሆነ ቶሎ ይወጣልኛል። ከዚያ በአማርኛ። ሰባት። አሥራ አንድ። አይቆጠርም። ‘አይቆጠርም’ ከሁሉ ይከብደኛል። ሰው መቃወም ነዋ። ሃያ ጊዜ አልኩት። አንድ ዝንጀሮ ከዛፍ ላይ አየኝና ፊቱን አዞረ።

ሄጄ እሺ እላለሁ።

ሐሙስ፣ ማታ 12 ሰዓት

ቆምኩ! ዱላውን ይዤ ቆምኩ።

የመጀመሪያውን ቁጥር ስጠራ እኔም ራሴ አልሰማሁትም። ሻንካ ጆሮውን በመዳፉ ከልሎ ጎንበስ አለ። ‘እህቴ፣ ስምንት አልሽ ወይስ አሳለሽ?’ ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ጋ/ተክሌ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሁለተኛውን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። አምስተኛው ላይ ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ሻንካ ራሱ ዳይሱን እንደ በቆሎ እሸት በሁለት መዳፉ አሸት አሸት አድርጎ ወረወረ። አሥራ አንድ ወጣለት። እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። አይቆጠርም አልኩ።

ምን አለች አለ። ሁለት እጅ ነው አልኩት። ወደ ጋ/ተክሌ ዞረ። እሳቸው ወደ እኔ ጠቆሙት። ሻንካ ራሱን አከከ። ‘ዓሣ በአንድ እጅ የያዘ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?’ ብሎ ዳይሱን መልሶ ወረወረ። አራት ወጣ። ቀጥሎ ሰባት። ተበላ። ቆርኪውን ሲያስረክብ፣ ‘አሥራ አንዴን ወንዝ ከተተችው’ አለ። ግን አልተቆጣም። ሲወጣ ነገም አንቺ ነሽ አይደል ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ቤት ስመጣ መንገዱ አጠረብኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 12

ጋ/ተክሌ ለሚካኤል ሄደዋል፣ ክበቡ ዝግ ነው። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ምእመናኑ እሁድ እሁድ እኛ ቤት ነው የሚሰበሰቡት፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው። ይህን እንኳ መጻፍ አልነበረብኝም።

ዛሬ አባባ ያነበበው ያንኑ የመስቀሉን ክፍል ነበር። ያ ክፍል ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። ልብሱ ስፌት የለውም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ የተሸመነ ነው የሚለው ላይ። አባባ ሸማኔ ነው። ከደጋው ከኦቾሎ ወደዚህ ከወረደ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ልብስ የሠራው ሰው ስንት ቀን ፈጅቶበት ይሆን ይላል ሁልጊዜ። ከዚያ ወታደሮቹ ዕጣ ጣሉበት።

አንገቴን ደፋሁ። ሰዎቹ ሲሄዱ ጠራኝ። ያውቃል። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። ገንዘብ አለበት ወይ አለኝ። የለም፣ ቆርኪ ነው። ስካር አለበት ወይ። የለም፣ እኔው ነኝ ሻይ የምሸጥላቸው። አንቺ ትወረውሪያለሽ ወይ። አይ፣ እኔ ቁጥር ነው የምጠራው።

‘አንቺ? ትጠሪያለሽ?’

አዎ አልኩ። የምቆጣበት ነገር መሆን አለመሆኑን አይቼ ልወቅ አለ። ማክሰኞ ይመጣል።

ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

መጻፍ አልፈልግም።

እሺ፣ ልጻፈው። አባባ ያንን ራሱ የሸመነውን ጋቢ ለብሶ መጣ። ሁሉም ብድግ አሉ። ሁለት ቡድን ሆነው የሚለማመዱበት ቀን ነበር፣ የሻንካ ቡድንና ሌላኛው። ጋ/ተክሌ በአክብሮት ትልቅ ሰው ባለበት ትልቅ ሰው ይጀምራል አሉ። ለሌላኛው ቡድን አንድ ጊዜ እንዲወረውርላቸው ለመኑት። አባባ ሲለምኑት እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት እሺ አለ።

ዳይሱን እንደ ሥርዓቱ በዱላ ገፋሁለት። ዱላውን አየው። ዳይሱን አልነካም። ከኋላ አንድ ሰው በጋሞኛ ‘ለአባቷ እንደ ውሻ በእንጨት ትገፋለታለች’ አለ። ደብተሬ፣ ዱላውን ጣልኩት። ዳይሱን አነሳሁ። ቤት ውስጥ ለአባባ ሁሉን ነገር እንደምሰጠው፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ጨዋ ሰው ነዋ። በሁለቱም እጁ ወረወረው።

አምስትና ሁለት።

አየሁ። ከማንም በላይ ያየሁት እኔ ነኝ። ሰባት አልኩ። ያውም እንደዚያ ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።

ሻንካ ወደ ጣሪያው እያየ፣ ‘እሺ። ለአባት ሰባት፣ ለእኛ አይቆጠርም’ አለ። ቡድኑ ቆርኪውን አስረከበ። አባባ ምንም አልገባውም። ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈገግ ብሎ ወጣ። እሱ ከበሩ እንደወጣ ልጆቹ ጎንበስ እያሉ በሁለት እጅ ቆርኪ ይሰጣጡ ጀመር። ‘እንካ አባቴ።’ ‘ተባረኪ ልጄ።’

እኔ ብርጭቆ ላጥብ ገባሁ። ያልቆሸሸውንም አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ጋ/ተክሌ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አስመራ እያሉ አንድ የጠረጴዛ ሰው ለወንድሙ አንዲት ነገር አይቶ እንዳላየ አለፈ፣ ከዚያ ወዲህ እውነት ሲጠራ እንኳ ያመነው የለም አሉኝ። የሴቻ ልጆች ወሬውን ሰምተዋል። ለአባቷ ያደላች ለቀበሌዋ አታደላም ወይ ብለዋል። ትክክል ናቸው። እኔም ብሆን እንዲህ ነበር የምለው።

ዱላው ለሻንካ ተሰጠ። ዛሬ ያዘው። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ግን አንዱ ዳይሱ ሳይቆም ቆርኪ ጨመረ፣ ሌላው ጣውላውን ሳይመታ ወረወረ፣ ሁለቱንም አላያቸውም። ሁለተኛው ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሊ/መንበሩ በበሩ አንገቱን አስገብቶ አየና ሄደ።

ሻንካ ሻይ ሊወስድ መጣ። ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ዱላ መያዝ እንደማይወድ ነገረኝ፤ ዱላ የያዘ መወርወር አይችልም። ‘እኔ መወርወር እፈልጋለሁ እህቴ። ስሳሳት የምትይዥኝ አንቺ ሁኚ።’ ከዚያ ስኳር ጨመረና ሄደ።

እንዴት አድርጌ? በልቤ ብቻ ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ብዙ ነገር ሆነ። በተራ ልጻፍ።

አባባ ድር ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ነበር። ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ጠጠር ሰጡት፣ እየሳቁ ሮጡ። ቤት ገብቶ ሸማ መሥሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ፣ ግን አልሠራም። ጠራኝ። ይህ ነገር ምንድነው አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። አንድ እጅ ብቻ መሆኑን። እኔ በሁለት እጅ መስጠቴን። ሰባቱ ሰባት አለመሆኑን።

‘አይተሻል?’

አይቻለሁ።

‘ዝም አልሽ?’

አንተን ብዬ ነው አልኩት።

ከዚያ ያለውን ቃል በቃል ልጽፈው። ‘እኔን ብለሽ ሰው አሳቅሽብኝ። እዚያው ብትነግሪኝ አንዴ ነበር የማፍረው። አሁን ግን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ነው።’

አለቀስኩ። አታልቅሺ አላለኝም። ትንሽ ቆይቶ ለምን አንድ እጅ እንደሆነ ጠየቀኝ። በሁለት እጅ መሐል ሌላ ዳይስ መደበቅ እንደሚቻል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ድር ሲገዛም ነጋዴው ሁለት እጁን አንድ ላይ ካደረገ ሚዛኑ ተነካካ ብሎ ይጠረጥራል፣ ስለዚህ ገባው። ግን፣ አለ፣ ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ መስጠት ነውር ነው፣ በእንጨት መግፋት ደግሞ የባሰ ነው። ቅዳሜ ከሴቻም ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እነሱንም ልትሰድቢ ነው ወይ።

ሁለት ባቄላ አመጣሁ። መሬት ላይ ተቀመጥን። በአንድ እጄ ሰጠሁት፤ ፊቱ ጠቆረ። መሬት ላይ አኖርኩለት፤ ‘ዶሮ ነኝ?’ አለ። ሳቅኩ፣ እሱም ሊስቅ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ሳላስበው ግራ እጄ ሄዶ የቀኝ ክንዴን ክርን ደገፈ። እንግዳ ሲመጣ ውኃ እንደምናቀብለው። ባቄላው በቀኝ እጄ ብቻ ነው። ግራው ክርኔ ሥር ነው፣ ለሁሉም ይታያል፣ ባዶ ነው።

አባባ እጄን አየ። ባዶውን እጄን ገልብጦ አየ። እሱም ግራውን ክርኑ ሥር አድርጎ በቀኙ ተቀበለኝ። እንደዚያው ሆኖ ግድግዳው ላይ ወረወራቸው። አንዱ ባቄላ ድሩ ውስጥ ገባ። ግማሽ ሰዓት ፈለግነው።

ስለ ወታደሮቹ ጠየቅኩት፣ ፈራ ተባ እያልኩ። እንግዲያው ዳይስ ኃጢአት አይደለም ወይ አልኩ። አላውቅም አለ፣ እጸልይበታለሁ። ግን እነዚያ በሰው ልብስ ላይ ነው ዕጣ የተጣጣሉት አለ፣ ባለቤቱ እያየ። እናንተ ዘንድ ባለቤቱ እያየ የሚወሰድ ነገር ካለ፣ ያኔ ውጪ። እስከዚያው ግን የቆምሽበትን ቦታ በደንብ ቁሚበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 17፣ ከሰዓት

ክበቡ ተጠርጓል። የብርድ ልብሱን ቀዳዳ ጣፍኩት። ጋ/ተክሌ ጣውላውን ዙሪያውን በጣታቸው እየዳሰሱ የላላ ምስማር ፈለጉ።

ክርን መደገፉን አሳየኋቸው። አስመራ ብንሆን በዚህ የጠረጴዛው አለቃ ከሥራ ያባርረኝ ነበር አሉ፣ ግራ እጅ ከጠረጴዛው መራቅ አለበት ተብሎ። ከዚያ ቆም ብለው አሰቡ። ዳይሱን ተቀበሉኝ፣ ሰጡኝ፣ ተቀበሉኝ። ዓይናቸውን እጄ ላይ አስጠግተው ነው የሚያዩት። ‘የሚነካው አንድ ነው። ሌላው የት እንዳለ ዕውር እንኳ ያውቃል’ አሉ። ለሽማግሌዎች እንዲህ ይሰጥ፣ ለወጣቱ በዱላ። ሥርዓት ሆነ። አንድ ሥርዓት እኔ ጨመርኩ! ሁለት ጊዜ ልጻፈው? አይ፣ ይብቃ።

ዱላውን ግን አልሰጡኝም። ጠየቅኳቸው። እኔ ብሰጥሽ ምን ዋጋ አለው አሉ። ያየው ሰው ሁሉ አለ፣ የሰማውም አለ። ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ነው የምትናገሪው። ካልሆነ ሻንካ ይቆማል፣ እንደ ረቡዑ ይሆናል፣ ሊ/መንበሩም በበሩ ቆሞ ያያል። ጠረጴዛው በዚያው ይሄዳል።

ሻንካ ሰማ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አቁሞት፣ እስከ ነገ ጠዋት አልነካውም አለ።

ቤት ገብቼ ለአባባ ምን ልል እንዳሰብኩ ነገርኩት። ስሙን በሰው ፊት እንደምጠራ። ፊቱን ጠበቅኩ። ጋቢው ቆሽሿል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ንጹሕ ነው አልኩ። እንግዲያው ለብሼው ከፊት እቀመጣለሁ፣ ሰው የሚያወራው የት ያለውን ሰው እንደሆነ ይወቅ አለ።

የሰሌዳው ቀን ትዝ ይለኛል። ግን ያኔ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ሁሉም ያውቁታል፣ የሚጠብቁት እኔ ማለቴን ብቻ ነው። ይህ ይቀላል? ይመስለኛል።

ነገ የሴቻ ልጆች ከተቀመጡ በኋላ፣ ቆርኪ ሳይታደል፣ ከምድጃው ጀርባ ወጥቼ ጠረጴዛው ራስጌ እቆማለሁ። ማክሰኞ አባቴ የወረወረው ሰባት አይቆጠርም እላለሁ። በሁለት እጅ ነበር። በሁለት እጅ የሰጠሁትም እኔ ነኝ፣ አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። የተወሰደው ቆርኪ ለሻንካ ቡድን ይመለስ እላለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እስከ መጨረሻው ቃል አላቆምም። ከዚያ ማንንም ሳላይ ወደ ግድግዳው ሄጄ ዱላውን አነሳለሁ። የሚቃወም ካለ ይናገር። ከሌለ ‘ዳይሱ በአንድ እጅ ነው’ ብዬ ለመጀመሪያው ሰው እገፋለታለሁ።